በግራዋ በኩል

እናቴ ሳትሞት ከዓመት በላይ ተለቅሶላታል። ያለቀሱት ሩቅ ሰዎች አልነበሩም፤ ባሏ፣ የባሏ እህት፣ የእድራችን ዳኛ፣ ጎረቤቶቿና እኔ ነን። እሷ መካከላችን ቁጭ ብላ "ድኛለሁ" እያለች ነው ያለቀስንላት። አርባ ዓመት አልፎት እንኳ ይህን ሳስብ መጀመሪያ የሚመጣብኝ ንዴት ነው። በማን ላይ እንደምናደድ ግን አላውቅም፤ ሁሉም ይወዷት ነበር።

ቤታችን ኮልፌ ነበር፤ ከጦር ኃይሎች ወደ ውስጥ ገባ ብሎ፣ ከቀበሌው ሱቅ ጀርባ። አባቴ መኳንንት የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው። እናቴ ቀለመወርቅ ደግሞ ስዊድኖች በሚረዱት አንድ የሕፃናት ክሊኒክ የስልክ ማዞሪያ ላይ ትሠራ ነበር። አልፎ አልፎ ቅዳሜ ይዛኝ ትሄዳለች። ማዳመጫውን በግራ ጆሮዋ ላይ ደፍታ፣ በቀኝ እጇ ገመዶቹን ከአንዱ ቀዳዳ ነቅላ ሌላው ላይ እየሰካች "ይጠብቁ፣ አገናኛለሁ" ስትል እቤት የማላውቀው ድምፅ ይወጣት ነበር። የከተማው ሰው ሁሉ በእናቴ እጅ የሚገናኝ ይመስለኝ ነበር።

ስምንት ዓመት ሲሞላኝ እናቴ አኮረፈችኝ። የገባኝ እንደዚያ ነው። "እማዬ" ስላት ዝም። ደግሜ ስጠራት ዝም። ስጮህ ቆይቼ ድንገት ዞር ትልና "መቼ መጣሽ?" ትለኛለች። ጥፋቴን ፈለግሁ። የአባቴን የመላጫ መስተዋት ሰንጥቄ ከቁም ሳጥኑ ጀርባ ደብቄው ስለነበር እሱን አግኝታው ይሆናል ብዬ አውጥቼ አሳየኋት፤ አልተቆጣችኝም። ማኩረፏ ግን ቀጠለ። ዛሬ ሳስበው፣ የምትመልስልኝንና የማትመልስልኝን ጊዜ የሚለየው በየት በኩል እንደቆምኩ ብቻ ነበር። መሥሪያ ቤቷ ውስጥም ማዳመጫውን ወደ ቀኝ ጆሮዋ አዛውራው ነበር። ይህንንም አይቻለሁ፤ ሁለቱን ነገር ግን አላያያዝኳቸውም።

ቀጥሎ አካሄዷ ተበላሸ። ከቀበሌ ሱቅ ስኳር ይዘን ስንመለስ ወደ ግራ እያዘነበለች አጥር ለአጥር ትሄዳለች። ሰልፉ ላይ የነበሩት ሴቶች "ከጠዋቱ?" ተባባሉ። እኔም ጠጅ ቤት ደጃፍ የማያቸውን ሰዎች አስታውሼ በእናቴ አፈርኩ።

ከዚያ አንድ ቀን አባቴና እናቴ ጓዳ ገብተው ሲያወሩ "እጢ" የሚል ቃል ሰማሁ። ያወቀችው የክሊኒኩ ስዊድናዊት ሐኪም ናት። ከግራ ጆሮዋ ወደ ውስጥ፣ አንጎሏ አጠገብ፣ በመስሚያው ነርቭ ላይ የበቀለ ነገር አለ አለቻት። ወደ ሌላ ቦታ የሚሰራጭ ክፉ ዓይነት አይደለም፤ ግን እያደገ ሲሄድ አንጎሏን ይጫነዋል። ያኔ እዚህ አገር ቅል ከፍቶ ከማውጣት በቀር የሚሞከር ነገር አልነበረም፣ ከዚያ ደግሞ ብዙ ሰው አይተርፍም። ስዊድን ውስጥ ግን ሳይከፍቱ በጨረር የሚመቱበት መሣሪያ አለ። የሚሠራው እጢው ትንሽ ሳለ ብቻ ነው።

"ትንሽ ሳለ" የምትለዋን አባቴ ለሰው ሁሉ ሲናገር ከረመ። ያኔ ከአገር መውጣት ቀላል አልነበረም፤ የመውጫ ቪዛውን ለማግኘት አባቴ ዋስ ሆኖ ፈረመ፣ እሷ ካልተመለሰች እሱ ሊጠየቅ። በጥር 1974 ሄደች። እኔን እንዲጠብቁ የአባቴ ታላቅ እህት እትዬ ወለተጻድቅ ከደብረ ማርቆስ መጥተው ቤቱን ያዙ። ልጅ የላቸውም፤ ባላቸው ከጥቂት ዓመታት በፊት ሞተዋል። ሲያቅፉኝ በጣም አጥብቀው ነበር።

ዐቢይ ጾም ሳይገባ እናቴ ተመለሰች። እኔ የጠበቅኩት ራሷ በፋሻ የተጠቀለለ፣ ሁለት ሰው ደግፎ የሚያወርዳት እናት ነበር። ከታክሲ የወረደችው ግን ቀይ ሻርፕ አስራ፣ ሻንጣዋን በራሷ እጅ ይዛ ነው። ፀጉሯም እንዳለ አለ። ቤቱ ሞልቶ ጠበቃት። ከከፋ መጥተው ኮልፌ የከተሙት የእድራችን ዳኛ ጋሽ መሸሻ ዋናው ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። ገበያ ላይ ኮረሪማና ማር የምትሸጠው የእናቴ ጓደኛ ብርቅዬ በሩ ጥግ ቆማለች።

"እንግዲህ አወጡልሽ?" አሉ አክስቴ፣ ገና ሳትቀመጥ።

"አላወጡትም እትዬ። እዚያው ነው።"

"እዚያው?"

"እዚያው ነው፤ ግን ከእንግዲህ አያድግም። በጨረር መቱት። የፈጀው አንድ ቀን ነው፤ ጠዋት አስገቡኝ፣ ማታ ሾርባ ጠጣሁ።"

"ቢላ አልነካሽም?"

"ምንም አልነካኝም።"

"ጆሮሽስ? ይሰማል?"

"ጆሮዬማ አይመለስም። እሱን ቀድመው ነግረውኛል። ድኛለሁ እትዬ፤ እውነቴን ነው።"

 አባቴ ጫማውን ያያል። ጋሽ መሸሻ ጉሮሯቸውን ጠረጉና "ተመስገን ነው ልጄ። ዋናው አገርሽ ገብተሽ ከሰው መቀላቀልሽ ነው" አሉ። ብርቅዬ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ወጣች። እናቴ ከአንዱ ፊት ወደ ሌላው እያየች ነበር፤ ከሻንጣዋ ቸኮሌት አውጥታ ለእኔ ሰጠችኝና "አንቺስ አትስሚኝም?" አለችኝ።

በማግሥቱ አክስቴ "ነይ ፀጉርሽን ልሥራሽ" ብለው እናቴን በጉልበታቸው መሐል አስቀመጧት። እኔ ቅባቱን ይዤ አጠገባቸው ነኝ። ጣታቸው ፀጉሯ ውስጥ ሲመላለስ ቆየና አንድ ቦታ ቆመ። ከዚያ ሌላ ቦታ። ግንባሯ ላይ፣ ፀጉሯ ከሚጀምርበት ከፍ ብሎ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ክብ ጠባሳ አለ፤ ከኋላም ሁለት። ምስር ምስር ያክላሉ። አክስቴ ፀጉሩን ሠርተው ጨረሱ። ከዚያ አባቴን ወደ ጓሮ ጠሩት፣ እኔም በአጥሩ ጥግ ተከተልኳቸው።

"ከፍተው አይተውታል" አሉት። "በአራት ማዕዘን ምልክት አለ። ከፍተው፣ አይተው፣ መልሰው ዘጉት። የማይነካ ሆኖባቸው ነው።"

"ሳይከፍቱ ነው ብላለች'ኮ እታለም።"

"እሷማ የነገሯትን ነው የምትለው። አብሯት የሄደ ሰው አለ? የለም። ታዲያ እውነቱን ለማን ይንገሩት? ለእሷ የነገሯት ለበሽተኛ የሚነገረውን ነው።"

  የእናቴ ራስ እንደ ድስት ክዳን ተከፍቶ፣ ፈረንጆች ወደ ውስጥ ተመልክተው ራሳቸውን ሲነቀንቁና ክዳኑን በአራት ሚስማር መልሰው ሲመቱት በዓይኔ ታየኝ።

አክስቴ ይህን ያሉት በክፋት አልነበረም። ባላቸው ሲታመሙ ሐኪሞቹ በሽተኛውን "ድነሃል፣ ቤትህ ግባና ያማረህን ብላ" ብለው፣ እሳቸውን ደግሞ ኮሪደር ላይ ለብቻ ጠርተው እውነቱን ነገሯቸው። እሳቸውም እቤት ወስደው "ድነሃል" እያሉ አስታመሙ። በሚያዝያ የዳኑትን ባላቸውን በግንቦት ቀበሩ። ያኔ በቤታችን ደንቡ ይኸው ነበር፤ ሕመምተኛ ፊት እውነት አይነገርም፣ እውነቱ ኮሪደር ላይ ለቆመው ዘመድ ነው። እናቴ ግን ስዊድን ድረስ ብቻዋን ሄዳ፣ ብቻዋን ተቀምጣ፣ እውነቱን በራሷ ጆሮ፣ በቀኝ ጆሮዋ፣ ሰምታ መጣች። ይህን ማን ያምናታል?

ጠባሳዎቹ የምን እንደሆኑ ያወቅኩት ትልቅ ሰው ከሆንኩ በኋላ ነው። ከቆዳዋ አልፈው አጥንቷን ቆንጥጠው የያዙ የአራት ብሎኖች ምልክት ናቸው፤ ብሎኖቹ ራሷ ዙሪያ የታሰረ የብረት ቀለበት ይይዛሉ። ጨረሩ የሚመታበት ቦታ በጣም ጠባብ ስለሆነ ራሷ በትንሹም ቢሆን መንቀሳቀስ የለበትም። እሷ ይህን ለአክስቴ ነግራቸዋለች፤ ደጋግማ። አክስቴም "እሺ የኔ እመቤት" ይሏታል።

ከዚያ ወዲያ በቤታችን አንድ ልማድ ገባ። ማን እንደጀመረው አላውቅም። የማይነገር ነገር ሲኖር ሰዉ ዞሮ በእናቴ ግራ በኩል ተቀምጦ ያንሾካሹካል። "ሐኪሞቹ ስንት ወር ሰጧት?" "ንስሐ አባቷ ያውቃሉ?" "ልጅቷስ?" እናቴ በቀኝ በኩል ለብርቅዬ ስለ ስዊድን በረዶ እያወራች፣ በግራዋ በኩል የለቅሶዋ ድንኳን የት እንደሚተከል ይመከራል። እኔም ተማርኩት። ስለ እናቴ ሞት ማውራት ሲያምረኝ በግራዋ በኩል እሄዳለሁ።

አባቴ አልጋው ላይ ሳይቀር ቦታ ቀየረ። በቀኟ ይተኛ የነበረው ሰውዬ በግራዋ መተኛት ጀመረ። እንዳትሰማው ነው፣ እያለቀሰ። እሷ ግን ታውቅ ነበር፤ በኋላ ስታወራኝ "አልጋው ሲነቃነቅ አይሰማኝም መሰለው" አለችኝ፣ አሁንም እየተናደደች።

ከፋሲካ በኋላ አንድ እሑድ ትዕግሥቷ አለቀ። ጋሽ መሸሻ፣ አክስቴ፣ አባቴና ብርቅዬ ሳሎን ተቀምጠው ሳለ ከጓዳ ድንች፣ ቢላና ከመጥረጊያው የተነቀለ ስንጥር ይዛ መጣች።

"ይኸውላችሁ" አለች፣ ድንቹን በግራ እጇ ከፍ አድርጋ። "ይሄ ጭንቅላቴ ነው።"

ጋሽ መሸሻ "እሺ ልጄ" አሉ።

"ይሄ ደግሞ ጨረሩ ነው።" አንድ ስንጥር ወደ ድንቹ ከተተች። "አንዱ ብቻውን ደካማ ነው፣ የሚያልፍበትን አይጎዳም።" ሌላ ስንጥር በሌላ ጎን ከተተች። "ይሄም ደካማ ነው። ይሄም። ይሄም።" ከላይ፣ ከጎን፣ ከኋላ እያዟዟረች ወጋችው። ፊቷ ቀላ። "ግን ሁሉም የሚገናኙት አንድ ቦታ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ኃይለኛ ይሆናሉ። ሌላው ደህና፣ እሱ ብቻ የተቃጠለ። እኔ ማዞሪያ ላይ መስመር ሳገናኝ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ይሄ ነገር ገብቶኛል!"

ስንጥሮቹን ነቀለችና ድንቹን በቢላ ለሁለት ገመሰችው። መሐሉ ላይ ስንጥሮቹ ሁሉ የደረሱበት ቦታ ተፈረካክሷል፣ ዙሪያው ግን ድፍን ነው። ሁለቱን ግማሾች ለአባቴና ለጋሽ መሸሻ አስያዘቻቸው።

"አያችሁ? ማውጣት አያስፈልግም። እዚያው ይቀመጣል። ሞቷል። አንዳንዱ በዓመታት ትንሽ ትንሽ እያለ ይሟሽሻል።"

ሰዎቹ የድንች ግማሽ ይዘው ተያዩ። እኔ በእጄ እየወሰድኩ አየሁት፤ ደስ የሚል ነገር ነበር። ጋሽ መሸሻ ግን ቀስ ብለው ተነሥተው በግራዋ በኩል አለፉና ለአክስቴ "ደክሟታል። አእምሮዋንም ጀምሮታል" አሏቸው። እናቴ አልሰማችም። ቢላውን ይዛ የምታምን ፊት ትፈልግ ነበር።

ብርቅዬ ሮጣ አቀፈቻት። "እሺ ቀለሜ፣ ድነሻል፤ በቃ ድነሻል" አለቻት።

"እያለቀስሽ ነው የምታምኚኝ?" አለች እናቴ።

ባለፈው ዓመት እናቴን ዓለም ባንክ ሰፈር ከምትኖርበት ቤት ይዣት ሄጄ የጭንቅላቷን ምስል አስነሣናት። ወጣቱ ሐኪም በስክሪኑ ላይ አንዲት ትንሽ ጥላ አሳየንና "ያረጀ ነገር ነው፣ ከድሮው ምስል ጋር ቢያነጻጽሩት ያነሰ ይመስለኛል" አለ። እናቴ ቀኝ ጆሮዋን አስጠግታ ደግሞ እንዲነግራት አደረገችው። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ "ይሄን መኳንንት ቆሞ ቢሰማው ኖሮ" አለች። 

ከስዊድን በተመለሰችበት ዓመት ግን ክረምት ሲገባ ፊቷ ዞረ። አንድ ጠዋት የግራ ከንፈሯ ወደ ታች ተንጠልጥሎ፣ የግራ ዓይኗ አልከደን ብሎ ተነሣች። ሻይ ስትጠጣ ከአፏ ጥግ ይፈስሳል። እሷ አልደነገጠችም፤ "ይሄንንም ነግረውኛል። ከወራት በኋላ የፊቱ ነርቭ ሊዝል ይችላል፣ መልሶ ይድናል ብለውኛል" አለች። ሌላው ሁሉ ግን ያየውን አየ። እኔም አየሁ። የእናቴ ፊት ግማሹ ቀድሞ ሞቶ ግማሹ የሚጠብቅ መስሎኝ ስትስመኝ በደህናው በኩል ነበር የምጠጋት።

በዚያው ሳምንት ንስሐ አባቷ ተጠርተው መጡ። "ልጄ፣ የተቀየምሽው ሰው ካለ ይቅር በዪ" ሲሏት እናቴ የያዘችውን ብርጭቆ ግድግዳው ላይ ወረወረችው። "ሁላችሁንም ተቀይሜያለሁ" አለች። "ይቅር የምላችሁ ስታምኑኝ ብቻ ነው።" የምትናገረው በግማሽ አፏ ስለነበር ንግግሯ ተኮላተፈ። ሰዉ ራሱን ነቀነቀ። ስትናደድ በሽታው ነው፤ ዝም ስትል በሽታው ነው፤ ስትስቅ አላወቀችም ነው። ከዚህ ጉድጓድ በምን መሰላል ይወጣል? ዛሬም መልሱን አላገኘሁትም።

ያን ጊዜ ነው እኔ ወደ ደብረ ማርቆስ እንድሄድ የተወሰነው። "ልጅቷ የእናቷን ነገር አይታ እንዳትጎዳ" ተባለ፤ በግራ በኩል። በቀኝ በኩል "እዚያ ጥሩ ትምህርት ቤት አለ" ተባለ። እናቴ ግን ሞኝ አልነበረችም። አባቴን በሩ ላይ ቆማ "ልጄን የምትወስዱብኝ ገና ለገና ስሞት እንዳታየኝ ነው?" አለችው። ቀበሌ ድረስ ሄዳ የይለፍ ወረቀቱን እንዳይሰጡን ለመነች። ሊቀመንበሩ ፊቷን አይቶ ወንበር ሳበላትና "አይዞሽ እህቴ፣ አብዮቱ ልጆችን አይጥልም" አላት።

በመጨረሻ የተሸነፈችው በአባቴ ነው። እግሯ ሥር ቁጭ ብሎ አለቀሰ፣ በቀኝ በኩል፣ እየሰማችው። "እኔ ሁለታችሁንም በአንድ ጊዜ መሸከም አልችልም ቀለሜ" አላት። እሷም "እስከ ሰኔ" አለች። "ትምህርት ሲዘጋ እኔ ራሴ መጥቼ እወስዳታለሁ። ሰምታችኋል? በሰኔ። እኔ ራሴ።"

ሁሉም "እሺ" አሏት። እንዴት ያለ እሺ እንደነበር አውቀዋለሁ። አክስቴ፣ ሊሞቱ የተቃረቡት ባላቸው ለመስቀል አገር ቤት እንሂድ ሲሏቸው ያሉት እሺ ነው።

በመስከረም አውቶቡስ ተራ ሸኘችን። አባቴ ሻንጣውን ከላይ እያሳሰረ ነው፣ አክስቴ ወንበር ይዘዋል። እናቴ ተንበርክካ አቀፈችኝ፤ ሻርፗ ፊቴ ላይ ነበር፣ ሳሙና ሳሙና ይሸታል። አፌ ጆሮዋ ላይ አረፈ። ለሳምንታት ይዤው የቆየሁትን አንድ ነገር ጠየቅኳት።

"እማዬ፣ መቼ ነው የምትሞቺው?"

አልመለሰችልኝም። ጭምቅ አድርጋ እንደያዘችኝ ቀረች። ዝምታዋን እንደ መልስ ወሰድኩት፤ ቅርብ ነው ማለቷ ነው አልኩ። ግራ ጆሮዋ ነበር። ስለ ሞቷ የሚጠየቀው በዚያ በኩል ነበርና ሳላስበው እዚያው ሄጃለሁ።

ደብረ ማርቆስ ላይ አክስቴ አሞላቀቁኝ። አዲስ ጫማ ገዙልኝ፣ ወተት ሳልጠጣ አያስተኙኝም። ከእናቴ ደብዳቤ ሲመጣ እያነበቡልኝ "ደህና ነኝ፣ ፊቴም ተመልሷል ትላለች" ይሉና ዓይናቸውን በነጠላቸው ይጠርጋሉ። አባቴ በጥምቀት አንድ ጊዜ መጣ። "እማዬስ?" አልኩት። "ደህና ናት፤ ሥራም ገብታለች" አለኝ፣ በዚያው በለመድኩት ለስላሳ ድምፅ። እውነቱን ነበር። ያን ቀን ከረሜላ ገዝቶልኝ ከትምህርት ቤቴ አጥር ሥር ተቀመጥን፤ እኔ ግን ስለ እሷ ብቻ እያሰብኩ ስለነበር የለበሰውን ልብስ እንኳ አላስታውሰውም።

እንዲህ እንዲህ እያለ ሰኔ ገባ።

አንድ ጠዋት ጎሕ ሲቀድ ሽንት ቤት ልሄድ ወጣሁ። ካፊያ ነበር። ከአጥሩ ውጪ ሰዎች ቆመዋል፤ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ድምፃቸውን አጥፍተው። በዚያ ሰዓት እንደዚያ ሆኖ የሚመጣ ሰው መርዶ ነጋሪ መሆኑን ሰፈሩ ውስጥ አይቼ አውቃለሁ። አልጮህኩም። ዓመት ሙሉ ስጠብቀው የነበረ ነገር ስለሆነ አልገረመኝም። ተመልሼ ገባሁና አዲሱን ጫማዬን አደረግሁ፣ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬም ጠበቅኩ።

በሩ ተንኳኳ። አክስቴ ከፈቱ፣ ሰዎቹን አዩ፣ ወዲያው ሁለት እጃቸውን ራሳቸው ላይ ጫኑ።

"ቀለሜ!" አሉ። "ወይኔ ቀለሜ! እኔ እኮ አውቄው ነበር!"

"እትዬ" አለ አንድ ድምፅ።

ከሰዎቹ ፊት የቆመችው ሴት ጥቁር ለብሳለች። ጥቁሩ ሻርፕ ከራሷ ተንሸራቶ ትከሻዋ ላይ ወድቋል። ራሷ ተላጭቷል። በተላጨው ራሷ ላይ፣ ከግንባሯ ከፍ ብሎ፣ ግራና ቀኝ ሁለት ምስር የሚያካክሉ ጠባሳዎች አሉ። ፊቷ ሁለቱም ጎን ትክክል ነበር።

አክስቴ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ። የሚያለቅሱላት ሴት ከፊታቸው ቆማለች።

"መኳንንት ነው እትዬ" አለች እናቴ። "እኔ አይደለሁም። መኳንንት ነው። አውቶቡሱን ሊያስነሣ ወንበሩ ላይ እንደተቀመጠ ልቡ ቀጥ አለ።"

አባቴ ከተቀበረ አራተኛ ቀኑ ነበር። ባሏ የሞተባት ሴት ከሐዘን ቤቷ አትወጣም ቢሏት "በሰኔ እሄዳለሁ ብዬ ነበር" ብላ ጋሽ መሸሻን አስከትላ መጣች። ይህን በኋላ ነው የሰማሁት። እናቴ ስትሞት እንዳላይ ብለው ወሰዱኝ፤ እናቴ ኖረች። የአባቴን የመጨረሻ ዓመት ማንም አትርፎ አልሰጠኝም፤ እሱን ጠብቂው ያለኝ ሰው አልነበረም። ንዴቴ መውጫ የሚያጣው እዚህ ሲደርስ ነው።

ያኔ ግን ይህ ሁሉ አልገባኝም። "መኳንንት" የሚለው ስም ጆሮዬ ገብቶ ልቤ አልደረሰም። ሰዎቹ መጮህ ሲጀምሩ፣ አክስቴ መሬት ላይ ሲወድቁ፣ እኔ በእግራቸው መሐል አልፌ እናቴ ላይ ተጠመጠምኩ። ተንበረከከች። እጄን ይዛ ወደ ሌላው ጎኗ አዞረችኝ፣ ቀኝ ጆሮዋንም ወደ አፌ አመጣችው።

"ጮክ በዪ" አለችኝ። "በዚህ በኩል።"

"መቼ ነው የምትሞቺው?" አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ። እንደዚያ የተናደደ ፊት ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁባትም፤ ዓይኖቿ ግን ሞልተው ነበር።

"ማን ነው እሞታለሁ ያለሽ? በሰኔ እመጣለሁ አላልኩም?"

ሳቅኩ። ሳቁ ከየት እንደመጣ አላውቅም፤ አልቆም አለኝ።  የአባቷ መርዶ የተነገራት ልጅ ጫማዋን አድርጋ፣ የእናቷን የተላጨ ራስ በሁለት እጇ ይዛ ትንከተከታለች። ሰዎቹ ተያዩ። የድንቹ ቀን እንደተያዩት ነው የተያዩት።

"ደህና ናት" አለች እናቴ። "ተዉአት፤ እኔን አይታ ነው። ደህና ናት።"

ጋሽ መሸሻ ቀስ ብለው በግራዋ በኩል ዞሩና፣ አጠገባቸው ለቆመችው ሴት "ልጅቷንም ነካት" አሏት።

እናቴ ሴትዮዋ ራሷን ስትነቀንቅ አየች። እኔን እንዳቀፈች፣ ሳትዞር ተናገረች።

"ጋሽ መሸሻ፣ ያሉትን በዚህ በኩል መጥተው ይንገሩኝ።"

ጋሽ መሸሻ ዞረው መጡ። በቀኝ ጆሮዋ በኩል ቆመው ግን የሚሉት ጠፋቸው።